የባለምራቋ መጻሕፍት

የጥርስ ሐኪም ነኝ። ቀኑን ሙሉ እጄ የሚውለው የሰው አፍ ውስጥ ነው። መግል አያለሁ፣ የበሰበሰ ድድ አያለሁ፣ ለስንት ዓመት ብሩሽ ያልጎበኘው ጥርስ ሥር ተሸሽጎ የከረመ ነገር ቆፍሬ አወጣለሁ፤ ምሳዬን ግን አንድ ቀን ትቼ አላውቅም። ጓንት አለኛ። በእኔና በሰው ምራቅ መካከል ያቺ ስስ ላስቲክ እስካለች ድረስ ምንም አይመስለኝም።

የወረቀት መጽሐፍ ግን አልነካም። ይቀፈኛል። አንድ መጽሐፍ ሃያ ሰው እጅ ገብቶ ሲወጣ ምን ይዞ እንደሚወጣ እስቲ አስቡት። አንዱ ሽንት ቤት ተቀምጦ ነው የሚያነበው። አንዱ እየበላ ጣቱን በገጹ ይጠርጋል። ሌላው ምዕራፉ እስኪያልቅ አፍንጫውን ሲጎረጉር ይቆይና ያገኘውን የት እንደሚያደርገው እሱ ያውቃል። ይሄን የማወራው በሐሜት አይደለም፤ በዚህ እጄ ጠርጌዋለሁ። ስለዚህ የማነበው በስክሪን ብቻ ነው። ከሥራ ስመለስ ታብሌቴን በአልኮል ወልውዬ እቀመጣለሁ። መስታወቱ ላይ ያረፈው የራሴ ጣት ብቻ ነው፤ እሱንም ሳነብ ሳነብ ቆይቼ እጠርገዋለሁ።

እናቴ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ለእሷም ታብሌት ገዝቼ ፊደሉን አጉልቼላታለሁ። ለዓይኗ ብዬ ነው እላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ቤቴ ውስጥ አሮጌ ወረቀት እንዳይገባ ብዬ ነው። እሺ ብላ ተቀበለችኝ። ስታነብ አንድ ልማድ አላት፤ ገጽ ልትቀይር ስትል አመልካች ጣቷ ወደ አፏ ይሄዳል፣ ከንፈሯ ጋ ሳይደርስ ይቆማል፣ ቀና ብላ እኔን ታያለች፣ ከዚያ ጣቷን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ስክሪኑን ገፋ ታደርጋለች። ስንት ዓመት አየኋት። የእርጅና ነገር ነው ብዬ አልፌው ኖሬአለሁ። ምን እንደሆነ የገባኝ ባለፈው ወር፣ አክስቴ ሱቋን የዘጋች ቀን ነው።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ እናቴ ለሥልጠና ውጭ አገር ሄደች። እንዲህ ነው የተነገረኝ። ልብስ የሚሰፋበት ትልቅ ድርጅት ውስጥ ትሠራ ነበር፤ "ከዚያ ሁሉ ሠራተኛ እሷን መርጠው ላኳት" አለችኝ አክስቴ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አልነበረችም። የስፌት መኪናዋ በጨርቅ ተሸፍኗል፣ ካፖርቷ ከሚስማሩ ላይ ወርዷል። ደህና ሁኚ እንኳ አላለችኝም።

ቅር ቢለኝም አልገረመኝም። ከመሄዷ በፊት ለብዙ ሳምንት ተለውጣብኝ ነበር። አልጋዋ ላይ አታስተኛኝም፣ በብርጭቆዋ አታጠጣኝም፣ ልስማት ስጠጋ "ጉንፋን ይዞኛል" እያለች ፊቷን ታዞራለች። መመረጧ አኩርቷት ነው ብዬ ደመደምኩ። ከእሷ የቀረልኝ ትዝታ እጇ ነው። ማታ ማታ የጎረቤት ልብስ ስትጠግን ክሩን በከንፈሯ አርጥባ፣ በሁለት ጣቷ አሹላ ትሰጠኛለች፤ እኔ በመርፌው ዓይን አሾልከዋለሁ፤ "የኔ ዓይን አንቺ ነሽ" ትለኛለች። ክሩ በምራቋ የራሰ መሆኑ አንድ ቀን እንኳ ቀፎኝ አያውቅም። መጽሐፍ ይዛ ግን አይቻት አላውቅም፤ ጊዜ የት አላት።

ልብሴን በፌስታል ይዤ አክስቴ ጋ ገባሁ። አክስቴ የእናቴ ታላቅ ናት፣ እትዬ ነው የምላት፤ መጽሐፍ ታከራይ ነበር። ሱቋ በጸጉር አስተካካዩና በጫማ ሰፊው መካከል የተሰነቀረች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ ቆሞ የሚጠብቅባት ጠባብ ክፍል ናት። መጽሐፎቹ ሁሉ ቡናማ ወረቀት ለብሰው፣ ጀርባቸው ላይ ቁጥር ተጽፎባቸው እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። እሷ ወንበር ላይ፣ እኔ ከባንኮኒው ሥር በርጩማ ላይ።

ሥራዬ የተመለሱትን መጥረግ ነበር። ለቅባት የደረቀ የዳቦ ፍርፋሪ፣ ለእርሳስ ላጲስ፣ ለደረቀ ነገር ምላጭ፣ ለቀረው ሁሉ አልኮል የነካ ጥጥ። ከአንድ ወር በኋላ ደንበኞቻችንን በቆሻሻቸው ለይቼ አውቃቸው ጀመር። የመካኒኩ አውራ ጣት በየገጹ ግርጌ ጥቁር ማህተም ሆኖ ታትሟል። ዳቦ ጋጋሪው መጽሐፉን ሳራግፈው ዱቄት ያዘንባል። ጸጉር አስተካካዩ የሰው ሁሉ ጸጉር በየመሃሉ ይልክልናል። አንድ የቀበጠ ተማሪ ደግሞ ትኋን ሲይዝ በመጽሐፉ መሃል አድርጎ ይጨፈልቀዋል፤ የገደለበትን ቀን ጠርዙ ላይ በእርሳስ ይጽፋል። መምህርቷ መጨረሻውን ቀድማ ስለምታነብ የመጨረሻው ገጽ ብቻ ነው በሎሽን የሚወዛው። እኔ "ኤጭ" እያልኩ እጠርጋለሁ፤ አክስቴ "አይ ነገረኛዋ፣ ሰው ያነበበው መጽሐፍ እንዲህ ነው" ትላለች።

እነዚህ ሁሉ ግን ከባለምራቋ ጋር ሲወዳደሩ ንጹሖች ናቸው።

ቅዳሜ ቅዳሜ አንዲት ዘንቢል የያዘች ሴት ትመጣለች። እጇ ቆዳው እስኪሰነጣጠቅ የታጠበ፣ ሳሙና ሳሙና የሚል። ሁለት መጽሐፍ ትመልሳለች፣ ሁለት ትወስዳለች። የምታነበው እሷ አይደለችም። "ለማን ነው?" ብዬ ስጠይቅ አክስቴ "ከቤት ለማትወጣ ለአንዲት ሴት" አለችኝ። የተመለሱትን አክስቴ በር ላይ ፀሐይ እያስመታች ሁለት ሦስት ቀን ታቆያቸዋለች፤ ከዚያ ራሷ በአልኮል አንዴ ሽፋናቸውን ወልውላ ለእኔ ትሰጠኛለች። የሚገርመው እነዚያን ለሌላ ሰው አታከራይም። ጥግ ላይ የራሳቸው መደርደሪያ ነበራቸው።

የመጀመሪያውን ገለጥኩ። የእያንዳንዱ ገጽ የታችኛው ጥግ ርሶ፣ ደርቆ፣ ተኮማትሯል። የራሰበት ቦታ ደግሞ ብርቱካንማ ነው። ዝገት ያለበት ውሃ የፈሰሰበት ይመስላል። ሴትዮዋ ጣቷን ልሳ፣ በምራቋ አጨማልቃ ነው ገጽ የምትገልጠው፤ አፏ ውስጥ ምን ቀይ ነገር እያመነዠከች እንደሆነ እግዜር ይወቅ። አንዳንድ ገጽ መሃል ላይ ደግሞ ክብ ክብ ብርቱካንማ ጠብታ አለ። ሾርባ ነው አልኩ። ተኝታ ሾርባ እየጠጣች በመጽሐፋችን ላይ ታንጠባጥባለች። በየመሃሉ ረዣዥም የረገፈ ጸጉር። ምላጬን ሳሳርፍበት የደረቀው ነገር ፈርፈር ብሎ ጭኔ ላይ ወደቀ፤ ዘልዬ ተነስቼ ቀሚሴን በሁለት እጄ አራገፍኩ።

"እትዬ፣ ይቺ ሴትዮ ታስጠላለች።"

"ዝም ብለሽ ጥረጊ።"

"ምራቋ ነው እኮ። እይው፣ በየገጹ። ለምን አንከለክላትም?"

አክስቴ መጽሐፉን ከእጄ ተቀብላ ብርቱካንማውን ጥግ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ጓንት የለ፣ ጥጥ የለ። ከዚያ ደረቷ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ፊቴን አዞርኩ።

"እስከ ስንት ደርሳለች?" አለችኝ መልሳ እየሰጠችኝ።

"ምኑ?"

"ምልክቱ የሚያቆመው የት ነው? የመጨረሻውን ፈልጊና ንገሪኝ።"

ፈለግኩ። "እስከ መቶ አሥራ ሁለት።"

"ጎሽ" አለች፤ ፊቷ በራ። ለእኔ ይሁን ለዚያች ሴትዮ አልገባኝም።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ የምጠየቀው ያንን ነው። እስከ ሰማንያ ስል እሺ ትላለች። እስከ መጨረሻው ስል ከጸጉር አስተካካዩ ጋር ስትቀልድ ትውላለች። አንድ ሳምንት "እስከ ዘጠኝ" አልኳት፤ መጽሐፍ ክምር ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች፣ እንደዚያ ሆና ደንበኛ ገብቶ ወጣ። ሌላ ሰው መጽሐፍ ስላላነበበ ምን እንዲህ እንደሚያደርጋት ሊገባኝ አልቻለም።

ከባለዘንቢሏ ጋር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚያወሩት። እኔ ከባንኮኒው ሥር ጆሮዬን ቀስሬ እለቃቅማለሁ።

"እንዴት ሰነበተች?"

"ያው ናት። ካልተቆጣኋት አትበላም።"

"ትነሳለች?"

"ኧረ የት ትነሳለች። ግን ታነባለች። መጽሐፍ ካለ ሌላ ነገር አታስቸግርም።"

"ስለ ልጅቷ ነገርሻት?"

"የነገርኳት ቀንማ ሳቋ አዳራሹን ሞላው።"

ሥዕሉ በጭንቅላቴ ውስጥ ተሟላ። ባለምራቋ ሞልቃቃ ሀብታም ናት። አዳራሽ የሚያህል ቤት አላት። ቀኑን ሙሉ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጋድማ፣ ብዪ ብሎ የሚለምናት አሽከር ቀጥራ፣ ጣቷን እየላሰች ታነባለች፤ እኔ ደግሞ በርጩማ ላይ ተጎልቼ ምራቋን እፍቃለሁ። ይባስ ብሎ በእኔ ትስቃለች። ደሜ ፈላ።

ደግነቱ እናቴ ትጽፍልን ነበር። በወር አንዴ አክስቴ ከደረቷ ውስጥ ብዙ ጊዜ የታጠፈች ስስ ወረቀት አውጥታ ታነብልኛለች፤ ጥቃቅን ፊደል ግጥም ብሎ የሞላባት። ሥልጠናው ከባድ ነው፣ በረዶ ጥሏል፣ ጽሕፈትሽን አሳምሪ። ጽሕፈቴ ሁልጊዜ ያስቆጣት ነበርና ይሄ እውነተኛ እናቴ ናት አልኩ። ልየው ስል አክስቴ አጥፋ ትመልሰዋለች፤ "ይበላሻል።" ውጭ አገር ሰው እንዴት ባለ ስስ ወረቀት ነው የሚጽፈው ብዬ እደነቃለሁ።

ያቺ ወረቀት ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ ናት። ደብዳቤ አልነበረችም፤ ከመድኃኒት ካርቶን ውስጥ የምትወጣ ማስታወቂያ ናት፤ ከእህል ጋር አይወሰድ፣ ጉበት ይመርመር፣ የሚል። መልእክቱ ከእናቴ በቃል የመጣ ነው፤ በረዶውን ግን አክስቴ ናት የጨመረችው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ነው። ምራቅን፣ ላብንና እንባን ብርቱካንማ እንደሚያደርግ፣ ይህም ሊያስደነግጥ እንደማይገባ ወረቀቷ ትናገራለች። ይሄንን ሐኪም ልሆን ስማር ለፈተና ሸምድጄዋለሁ፤ አንድም ቀን ያ ሱቅ ትዝ አላለኝም። ባለዘንቢሏ የሳንባ በሽተኞች ክፍል ነርስ ነበረች። አዳራሹ ሃያ አራት አልጋ ያለው ነው፣ ሕፃን አያስገቡበትም። ባለምራቋ ዘጠኝ ወር ሙሉ እዚያ የተኛችው እናቴ ናት። በምላጭ የፋቅኩት ክብ ክቡ ጠብታም ሾርባ አልነበረም።

ያኔ ግን ይሄን አላውቅም፤ የማውቀው መናደዴን ነው።

"ለሴትዮዋ የሚሄደውን ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ምረጪላት" አለችኝ አክስቴ አንድ ቀን። "ልጅቷ ትምረጥልኝ ብላለች።"

በጣም ደስ አለኝ። ያለንን መጽሐፍ ሁሉ ፈትሼ ከሁሉ የከፋውን መረጥኩላት፤ አንድ ደንበኛ በስህተት ትቶት የሄደ የውሃ ፓምፕ ጥገና መመሪያ። ሁለት መቶ ስድሳ ገጽ ሙሉ ቧንቧና ቡሎን። አንብቢ እንግዲህ፣ እያልኩ። አክስቴ አየችውና ቅንድቧን አነሳች። "ይሄንን?" አለች። "አዎ፣ ጥሩ ነው" አልኳት። ምርጫው የእኔ ነው ስለተባለ አልከለከለችኝም።

ያ ግን አልበቃኝም። ከደብተሬ ገጽ ገንጥዬ ጻፍኩላት። የመጀመሪያውን ቀደድኩት፤ ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረው ስለሚመስል አንብባ ሳትረዳው እንዳትቀር ፈራሁ። ሁለተኛውንም ቀደድኩ። በሦስተኛው ምላሴን አውጥቼ፣ መስመሩን ሳልለቅ፣ እያንዳንዷን ፊደል እኩል አድርጌ ጻፍኩት፦

"ለሴትዮዋ። ምራቅሽ ያስጠላል። ጣትሽን አትላሺ። እናትሽ አላስተማረችሽም? እኔ ነኝ የምጠርገው፤ ሊያስመልሰኝ ይደርሳል። እናቴ ከውጭ አገር ስትመጣ እነግራታለሁ።"

አጥፌ የፓምፑ መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አደረግኩት። ባለዘንቢሏ ይዛው ሄደች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ባለዘንቢሏ ተረኛ ሆና ስለቸኮለች፣ በጠዋት መጥታ መጽሐፉን ለጸጉር አስተካካዩ ትታለት ሄዳለች። አክስቴ ፀሐይ ላይ ሳታቆየው፣ ገና ከእጁ እንደተቀበለች ለእኔ ሰጠችኝ። ቸኩላ ነበር፤ ያለፉት ሁለት ሳምንታት ምልክቱ ከሃያ አላለፈም።

ከፈትኩት። ወረቀቴ የለም። ጥጎቹ ሁሉ ቀጥ እንዳሉ ናቸው። ገለጥኩ፣ ገለጥኩ፤ እስከ መጨረሻው አንድ ጠብታ የለ፣ አንድ ብርቱካንማ ነገር የለ። ከማተሚያ ቤት ዛሬ የወጣ ይመስል ነበር።

"እስከ ስንት?" አለች አክስቴ።

"ምንም" አልኳት፤ ጥርሴን እያሳየሁ። "አንድም ገጽ አልነካችም።"

"በደንብ እይው።"

"አየሁት። ንጹሕ ነው።"

መጽሐፉን ከእጄ መነጨቀችኝ። ከፊት ወደ ኋላ ገለጠች፣ ከኋላ ወደ ፊት ገለጠች፣ በብርሃኑ አንጻር አደረገችው፣ የገጹን ጥግ በጉንጯ ዳሰሰችው። ከንፈሯ ሲነጣ አየሁት። ከዚያ የቤት ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች፣ ያን ትልቅ መጽሐፍ ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ ለጸጉር አስተካካዩ "ልጅቷን እይልኝ" ብላ ሮጠች። አክስቴ ከባድ ሴት ናት፤ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም ነበር። መንገደኛው ዞሮ ያያታል። ሱቁ ክፍቱን፣ ስትወጣ የገፋችው የመጽሐፍ ክምር መሬት ላይ እንደተበተነ ቀረ።

"ምን ሆና ነው?" አለኝ ጸጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ።

"እኔ ምን አውቃለሁ" አልኩት። አንጀቴ ግን ቅቤ ጠጥቷል። ወንበሯ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ፣ እግሬን እያወዛወዝኩ ብስኩት በላሁ። ባለምራቋ አፍራለች። እኔ፣ በገዛ ጽሕፈቴ፣ አንዲት ሀብታም ሴት አሳፍሬ አንድ ገጽ እንኳ እንዳትነካ አደረግኳት።

አክስቴ የተመለሰችው ከሰዓት በኋላ ነው። ዓይኗ አብጧል፣ አንደኛው ጫማዋ ተበጥሶ በእጇ ይዛዋለች። ፊቴ መጥታ ቆመች። እጇ ሲነሳ አየሁና አንገቴን ቀበርኩ። አልመታችኝም። እጇ አየር ላይ ቆየና ወረደ።

"ምን አደረግኩ?" አልኳት።

"ምንም። እጅሽን ታጠቢ፣ እንብላ።"

እየበላን ሳለ፣ ሳታየኝ፣ "ከዛሬ ጀምሮ የእሷን መጽሐፍ እኔ ነኝ የማየው" አለች። ይበልጥ ደስ አለኝ።

ከአራት ወር በኋላ እናቴ ከሥልጠናዋ መጣች። ጉንጯ ሞልቶ፣ ጸጉሯ አጥሮ። ሮጬ ስጠመጠምባት አናቴን ሳመችኝ፣ ፊቷን ግን ወደ ላይ አራቀችው። ብዙ ነገሯ ተለውጦ ነበር፤ እኔ ወደድኩት። በየደቂቃው እጇን ትታጠባለች። ክር ስታሾል በከንፈሯ አታረጥብም፤ ከጎኗ በስኒ ውሃ ታስቀምጥና ጣቷን እዚያ ነከር አድርጋ ነው። "እዚያ ያሉት ጨዋዎች አስተማሯት" እያልኩ ለጓደኞቼ አወራሁ። መጽሐፍም ታነብ ጀመር፣ ሁልጊዜ ግን እኔ ስተኛ ወይም ወጣ ስል። ስገባ ትከድነዋለች።

ከመጣች በሁለተኛው ወር የግቢያችን የውሃ ፓምፕ ቆመ። ሁለት ባለሙያ መጥቶ ሞተሩ ተቃጥሏል ብሎ ሄደ። እናቴ ቀሚሷን ሰብስባ ጎንበስ አለችና "ሞተሩ አይደለም፣ የመምጠጫው ቫልቭ ነው፤ አየር አስገብቷል" አለች። ቁልፍ አስመጥታ ፈታችው፣ የላስቲክ ቀለበቱን ቀየረች፣ ውሃ ሞላችበት፤ ሠራ። ግቢው በሙሉ አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔ በኩራት "ውጭ አገር ነው የተማረችው!" ብዬ ጮህኩ። እናቴና አክስቴ ተያዩ። ከዚያ ሳቁ፤ ሆዳቸውን ይዘው፣ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ኮርተውብኝ መስሎኝ።

እንግዲህ ባለፈው ወር አክስቴ ሱቋን ዘጋች። መጽሐፍ የሚከራይ ሰው ጠፍቷል። "እንዳንቺ ያለው በዛ፤ ሁሉም ስልኩን ሲያሻሽ ነው የሚውለው" ትለኛለች። ለማገዝ የሄድኩት ጓንት አድርጌ ነው፣ ጭምብል ጭምር።

"ሬሳ ልትገንዢ ነው የመጣሽው?" አለችኝ።

ከወንበሯ ሥር የቆርቆሮ ሣጥን ነበር። ስከፍተው የፓምፑ መመሪያ፣ ከላዩ ያቺ ስስ የመድኃኒት ወረቀት። መመሪያውን ሳነሳው ከመሃሉ የደብተር ቅዳጅ ወደቀ። ጽሕፈቱን ከማንበቤ በፊት አወቅኩት። አነበብኩት፤ ራሴን ተጸየፍኩ። ምን ዓይነት ክፉ ልጅ ነበርኩ ብዬ ልስቅ ቀና ስል የአክስቴ ፊት አይስቅም።

"ባለምራቋ ማን እንደነበረች እስከ ዛሬ አልጠየቅሽኝም" አለችኝ።

ነገረችኝ። ቆሜ ነው የሰማሁት፣ ጓንቴን እንዳደረግኩ። ከእናትሽ የመጣ ነገር በእጅሽ ይለፍ ብዬ ነው የማስጠርግሽ፣ አለችኝ። በወረቀት እንደማይተላለፍ ነርሷ ደጋግማ ነግራታለች፤ እሷ ግን ፀሐይ ላይ ሳታቆይ አትሰጠኝም ነበር። እናቴ የምትጠርገው እኔ መሆኔን የሰማች ቀን ነው ሳቋ አዳራሹን የሞላው።

"ያን ቀንስ?" አልኳት። "የሮጥሽ ቀን?"

"ያን ቀንማ እህቴ ገጽ ማንሳት አቅቷት ሞታለች ብዬ ነው የሮጥኩት።" አለችኝ። "ስደርስ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ሌላ መጽሐፍ ታነባለች። ሁለት እጇ ላይ የነርሶቹን ጓንት አጥልቃ። ያን ሁሉ ቧንቧ በሙሉ በጓንት ነው ያነበበችው፤ ሁለት መቶ ስድሳውን ገጽ። እጇ ጓንቱ ውስጥ በላብ ተልጦ ነበር። ምን ሆነሻል ብላት 'ልጄን ይቀፋታል' አለችኝ።"

"አልቅሳ ነበር?"

"ያንቺን ወረቀት አወጣችና አሳየችኝ። 'ጽሕፈቷ ተስተካክሏል፣ እይውማ' አለች። ለነርሶቹ ሁሉ አሳይታለች፤ ዙሪያዋን ለተኙት ሁሉ። ያነበበውን ሰው አላሳፈረውም መሰለሽ? እሷ ግን ስለ ፊደሉ ነው የምታወራው።"

"ለምን አልነገራችሁኝም? በኋላስ? ይሄን ሁሉ ዓመት?"

"ስትመለስ ራሷ ልትነግርሽ ነበር። አስምላን ዝም ያልነው እስከዚያ ነበር። አንቺ ያንን ከጻፍሽ በኋላ ግን እምቢ አለች። 'እኔ መሆኔን ካወቀች ትጸየፈኛለች፤ ይቅር' አለችኝ። በቃ፣ ቀረ።"

ጓንቴን አወለቅኩ። መጽሐፉን በባዶ እጄ ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ሽታው በአፍንጫዬ ነበር፤ አቧራና የሻገተ ሙጫ። የሚያቅለሸልሸኝ ያ ነው ብል ውሸት ነው። ባለፈው ዓመት የደረቷን ራጅ አይቼ ጠባሳው ምን እንደሆነ የጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ "የድሮ ጉንፋን ነው" ስትለኝ እሺ ብዬ ያለፍኩትም ሐኪም የተባልኩት እኔው ነኝ። በየቀኑ ጣቷን ከአፏ ስትመልስ እያየሁ፣ ጨዋ ሆናልኝ ብዬ የተደሰትኩትም እኔ ነኝ።

እናቴ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ታብሌቷን ታነባለች። ቀና አለች። መጀመሪያ ያየችው መጽሐፉን ነው። ወዲያው አወቀችው። ታብሌቱን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ሁለት መዳፏን ወደ እኔ ዘረጋችልኝ፣ ልጅ ለአስተማሪ እንደሚያሳየው።

"እጄን ታጥቤአለሁ" አለችኝ። "አሁን ነው የታጠብኩት።"

አጠገቧ ተቀመጥኩ። መጽሐፉን ጭኗና ጭኔ ላይ አድርጌ ከፈትኩት። እሷ ገና ሳላነብላት በቃሏ ጀመረች፤ "ፓምፑን ከማስነሳትዎ በፊት የመምጠጫ ቧንቧው በውሃ መሞላቱን ያረጋግጡ።" ከዚያ አቋረጠች። ገጹ አልቋል፤ እጇን ግን አታነሳም። ቀሚሷን ጨብጣ እኔን ትጠብቃለች።

ልገልጥ ሞከርኩ። በስንት ዓመት አልኮል የደረቀ ጣቴ ያዳልጠዋል፤ ገጾቹ ተጣብቀዋል። አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ ላስኩት። አቧራ አቧራ አለኝ፣ የድሮ ሙጫ፣ እግዜር የሚያውቀው ሌላ ነገር።

"ኧረ ቆሻሻ ነው፣ ምን ታደርጊያለሽ" አለች እናቴ ደንግጣ።

"አውቃለሁ" አልኳት።

ጥጉን አርጥቤ ገለጥኩላት። አንብባ ስትጨርስ ጣቴን መልሼ ላስኩት።